ንቦቹ እንዴት አደሩ?

አቶ ወንድይፍራው ጌጤ ንብ ይፈራ ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚሉ ሰዎች የሱን ስም ያወጣውን መልአክ አላገኙትም፤ ወንድ ይፍራው የተባለው ሰው ንቡንም፣ አለቃውንም፣ ታላቅ እህቱንም ሲፈራ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላው። ቢሆንም በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ከአገሪቱ የንብ ጤና መዝጋቢዎች ሁሉ አንደኛው እሱ ነበር። የአጥሩ በር ላይ የተሰቀለው የነሐስ ሰሌዳ «ጉም አፋፍ ጣቢያ። ሃያ አራት ኅብረ ንብ። አንድም ሞት የለም። አርአያ መዝጋቢ» ይላል።

ከሃያ አራቱ አስራ ስምንቱ ሞተው ነበር።

ጉም አፋፍ መንዝ ውስጥ፣ ገደል አናት ላይ የተቀመጠች ቀዝቃዛ መንደር ናት። ድሮ እዚያ ንብ አረባለሁ ያለ ሰው ይሳቅበት ነበር። ቆላው ንብ ማኖር ካቆመ ወዲህ ግን ቀፎ ሁሉ በየዓመቱ ወደ ላይ ሲሸሽ ከርሞ እዚህ ደረሰ፤ ከዚህ በላይ ያለው ሰማይ ነው። የመንግሥት የንብ ጤና መዝገብ ቤት ለእያንዳንዱ ቀፎ ቁጥር ሰጠ፣ ለእያንዳንዱ ጣቢያ መዝጋቢ ቀጠረ፣ በእያንዳንዱ መዝጋቢ አንገት ላይ ደግሞ አንዲት ጠያቂ አንጠለጠለ። ጠያቂዋ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል መሣሪያ ናት፤ ድምጿ የደግ ሴት ድምፅ ነው። ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ «ንቦቹ እንዴት አደሩ?» ትላለች፣ መልሱን ትሰማለች፣ ትመዘግባለች። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትጠይቀው።

በዚያን ዘመን የማይጠየቅ ነገር አልነበረም። ጣሪያውን የምትጠይቅ አለች፣ በሬውን የምትጠይቅ አለች፣ የወንድይፍራውን ጉልበት በየሳምንቱ የምትጠይቅ ሌላ አለች። ሰው ለነዚህ ሁሉ ሲመልስ ስለሚውል ጎረቤቱን የሚጠይቅበት ትንፋሽ አይተርፈውም ነበር።

ወንድይፍራው የተቀጠረው በእጅ ጽሕፈቱ ነው። ማመልከቻውን በቁም ጽሕፈት አሳምሮ ጽፎ ሲያስገባ፣ መዝገብ ቤት የነበሩ አንድ ሽማግሌ አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ ይባላል። ይህን የሚለው ራሱ ወንድይፍራው ነው። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ጽሕፈት ቀረና ጠያቂዋ መጣች፤ ሽማግሌውም ጡረታ ወጡ። እጁ የተመሰገነለት ሰው በአፉ ሊሠራ ተፈረደበት። አፉ ደግሞ ከጥንትም የማይታመን አፍ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአንድ የኅዳር ማለዳ ነው። ውርጩ ሜዳውን አንጥቶታል። በብርድ ቀፎ አይከፈትም፤ ጆሮ ለጥፎ፣ በጣት ኳ አድርጎ ማዳመጥ ነው። በሕይወት ያለ ኅብረ ንብ ኳ ሲሉት አንዴ ያጉረመርምና ዝም ይላል። ቁጥር አራት ግን አላጉረመረመም። ወንድይፍራው ደግሞ ኳ አደረገ። ጎንበስ ብሎ ደጃፉን ሲያይ የረገፉት ንቦች ሁለት እፍኝ ይሆናሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ንብ በእጁ ያፈሰው ያን ዕለት ነው፤ ሞተው እንኳ ትንሽ ፈራቸው። ጠያቂዋም በዚሁ ሰዓት ተነሣች።

«ንቦቹ እንዴት አደሩ?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን» አለ ወንድይፍራው።

ሊቀጥል ነበር። ደንቡ እንደዚያ ነው። ሰው ሲጠየቅ አስቀድሞ ደህና ይላል፤ ቤቱ ተቃጥሎም ቢሆን። ደህና ከተባለ፣ ፈጣሪ ከተመሰገነ፣ ልጅና ከብት ከተጠየቀ፣ ዝናቡ ከታማ በኋላ «ያው እንግዲህ ቤቱ ተቃጠለ» ይባላል። ጠያቂዋን የሠሯት ሰዎች ግን ለሰላምታ ቦታ አልተዉላትም። ደህና የሚለውን ቃል እንደሰማች ሃያ አራቱንም ደህና ብላ መዘገበችና «እናመሰግናለን፣ መልካም ቀን» ብላ ዘጋች። ወንድይፍራው አፉን ከፍቶ «ቁጥር አራት ግን» እንዳለ ቀረ።

በማግስቱ ሊያርመው ተነሥቶ ነበር። «ትናንት ደህና ያልከው ከመቼው ሞተ?» ቢባልስ? በሦስተኛው ቀን ማረም ከሁለተኛው ቀን ባሰ፤ በወሩ ደግሞ ከሦስተኛው ቀን ባሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እሱ ያደገው አፋፍ ላይ ነውና ወደ ታች ማየት አይወድም። ቁጥር አስራ አንድ ሞተ፣ ደህና አለ። በክረምቱ እርጥበት አምስቱ በአንድ ወር አለቁ፣ ደህና አለ። ሰሌዳውም በዚያው ወር ተላከለት።

እውነቱን ግን አልጣለውም። በየማለዳው ጠያቂዋ ስትዘጋ ሰማያዊ ደብተሩን ያወጣና በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ እያንዳንዱን ቀፎ በየተራው ይጽፋል፦ «ጥቅምት ፳፫። ውርጭ። ቁጥር ፱ አድሯል፣ በሶና ስኳር ወስዷል። ቁጥር ፲፪ አላደረም፤ ረኃብ ይመስለኛል፣ ጥፋቱ የኔ ነው።» ጎረቤቱ የሆነችው ታላቅ እህቱ እታለማሁ ደብተሩን አንድ ቀን አንብባ፣ «ለመዝገብ ትዋሻለህ፣ ለወረቀት ትናዘዛለህ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነህ?» አለችው። እሱም ይህን ጥያቄ ከጠያቂዋ ጥያቄ ይልቅ ከባድ ሆኖ አገኘው።

ደረጃ ሲወጣ ሁልጊዜ አንደኛ ጉም አፋፍ፣ መጨረሻ ደግሞ ከገደሉ ሥር ያለው የቀጭን ውሃ ጣቢያ ነበር። የቀጭን ውሃው መዝጋቢ ተክለወልድ ሰላምታ የማያውቅ ሰው ነው። ስትጠይቀው «ምን ማደር አለ! አንዱን ጉንዳን ፈጀው፣ ሁለቱን ተቅማጥ ይዟቸዋል» ይላታል። በመዝጋቢዎች ስብሰባ ላይ ወንድይፍራው ስለ ትሕትና ንግግር ሲያደርግ ተክለወልድ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ጆሮውን ይኮረኩር ነበር።

እንዲህ እንዲህ ሲል ጥር ገባ፤ በጥር ሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ መልእክት መጣ።

«አርአያ መዝጋቢ አቶ ወንድይፍራው፣ እንኳን ደስ አለዎት። ከቆላ የተረፉት የመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ኅብረ ንቦች፣ አንድም ሞት ወደሌለበት ጣቢያ እንዲዛወሩ ተወስኗል። ኀሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይደርሳሉ። ተቆጣጣሪ ረቡዕ ትመጣለች።»

ወንድይፍራው ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀና ብሎ ሜዳውን አየ። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ብርዱ ከገደሉ እየወጣ ነው። የቆላ ንብ ውርጭ አይቶ አያውቅም፤ ሳምንት አይቆይም። የሞቱት አስራ ስምንቱ ውርጩን የለመዱ የደጋ ንቦች ነበሩ፤ እነሱን እንኳ አላተረፋቸውም። እነዚህ ሁለት መቶዎቹ ካለቁ ደግሞ የሚተካቸው የለም። እስከዛሬ ይፈራ የነበረው ሰሌዳው እንዳይወርድ ነው። አሁን የፈራው ሌላ ነገር ነው፤ በአንዲት ቃል ሁለት መቶ ኅብረ ንብ ሊገድል መሆኑን። አፈረም፤ ብቻውን ቆሞ ፊቱ ጋለ።

ረቡዕ ንጋት ላይ አጥር ጥግ ቆሞ ተለማመደ። «ደህና አይደሉም» አለ ለአጥሩ። «ደህና አይደሉም» አለ ለበሬው። በሬው በእርጋታ አየው። አስራ ሁለት ተኩል ሆነ።

«ንቦቹ እንዴት አደሩ?»

«ደህና» አለ፣ ምራቁን ዋጠ፣ «አይደሉም።»

አይደሉም ሲል እሷ «እናመሰግናለን፣ መልካም ቀን» ብላ ዘግታ ነበር። ወንድይፍራው አፍራሹ ቃል መጨረሻ ላይ በሚመጣበት ቋንቋ አፉን በመፍታቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነ።

ተቆጣጣሪዋ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ወፍራም ካፖርት የለበሰች፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ናት። ስሟ ማህደር ነው።

«እንዴት ነዎት፣ አቶ ወንድይፍራው?»

«ደህና፣ ይመስገን። መንገዱ እንዴት ነበር? ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና ናቸው፣ ይመስገን» አለች ፈጠን ብላ፤ ስልኳን አየችና መልሳ ኪሷ ከተተችው።

አሁን ንገራት አለ ለራሱ። እግሩ ግን ምክር አልጠየቀውም፤ በቀጥታ ወደ ቁጥር ዘጠኝ ወሰዳት፣ ከስድስቱ ወደ ብርቱው። ኳ አደረገ። ቁጥር ዘጠኝ እንደ አንበሳ አጉረመረመ። ማህደር ጆሮዋን ለጥፋ ፈገግ አለች።

«ሌሎቹንስ ልይ?»

«ይ... ይበርዳል» አለ ወንድይፍራው።

ይህ ቃል ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱን በጥፊ ሊመታው ፈለገ። ሮጦ ደብተሩን አመጣላት። «ይህንን ያንብቡልኝ፣ እባክዎ። ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ።»

ማህደር ገጹን ገለጠች፣ ደግማ ገለጠች። «እንዴት ያምራል! የቤተ ክርስቲያን ነው?»

«መዝገብ ነው። የንቦቹ።»

«በእጅዎ ጻፉት? እኔኮ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ አልተማርኩም፣ አቶ ወንድይፍራው። ቁጥሮቹም የግእዝ ናቸው መሰለኝ። እንዲህ ያለ ቅርስ መጠበቅዎ በጣም ደስ ይላል» አለችና ፎቶ አነሣችው። የአስራ ስምንት ኅብረ ንብ ሞት ውብ ተብሎ ተመሰገነ።

ማታ ምን ሊል እንደሆነ ሳያውቅ እታለማሁ ቤት ሄደ። እታለማሁ ባቄላ ትፈለፍላለች። የመንደሩ እድር ሰብሳቢ ናትና ብዙ ሞት አይታለች፤ ሰው ስትቆጣም እንደ ሟች ቤተሰብ እያየችው ነው።

«አልነገርካትም» አለችው።

«እትዬ፣ አልወጣ አለኝ። እንዴት ብዬ ድንገት ሞተዋል እላታለሁ? እንግዳ ናት። ምሳ እንኳ በወጉ አልበላችም።»

«እና ሁለት መቶው ይለቅ?»

«አይለቅ። ግን ሞት እኮ እንዲህ ዝም ተብሎ አይነገርም።»

እታለማሁ ባቄላውን አስቀመጠች። «በዚህስ ልክ ነህ። ሞት መርዶ አለው። በንጋት፣ በሽማግሌ፣ ወግ ባለው አፍ ነው የሚነገር። አንተ ብቻህን በዚያ አፍህ ምን ልትሆን ሞከርክ? ተወው ለኛ።»

ወንድይፍራው እፎይ አለ። በዕድሜው ካገኘው ምክር ሁሉ ብልሁ መሰለው፤ ከዚህ በኋላ የሆነውን ስንሰማ እሱም አብሮን ይስቃል።

ኀሙስ ጎሕ ሲቀድ፣ እታለማሁና ሦስት የእድር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንድይፍራውን መሀል አድርገው፣ ማህደር ያደረችበትን የእንግዳ ማረፊያ አንኳኩ። ማህደር ጸጉሯ እንደተበተነ ከፈተች። የተዘቀዘቀ ነጠላ አየች። ያቀረቀሩ ሽማግሌዎች አየች።

«ግቢ፣ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አለች እታለማሁ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ምድር ላይ ቀሪ የለም።»

ማህደር አልተቀመጠችም። «እማዬን!» ብላ ጮኸችና በሩ ላይ ወደቀች። «እማዬ! ትናንት ተሽሏታል አላሉኝም? እማዬን!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እናቷ ከተማ ሆስፒታል ከተኛች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ትናንት ቤተሰብ ደህና ወይ ስትባል ደህና ያለችው ይህን ነው።

«ኧረ አይደለም ልጄ! እናትሽ አይደለችም!» አለ ወንድይፍራው። «ንቦቹ ናቸው! ንቦቹ ናቸው የሞቱት! አስራ ስምንቱ!»

ማህደር ቀና አለች። «ንብ?» አለች። «ንብ ነው?» እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ ወጣት። «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!»

አንገቷ ላይ ያለችው የተቆጣጣሪ ጠያቂ ይህን ሰማች። «ምስጋና ተመዝግቧል» አለች በዚያ ደግ ድምጿ። «የጉም አፋፍ ኅብረ ንቦች ደህና መሆናቸው በተቆጣጣሪዋ ተረጋግጧል። መኪናው ጉዞውን ቀጥሏል።»

ማህደር አፏን ያዘች። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ወንድይፍራው ወዲያው ለየው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በመስታወት ሲያየው የከረመ ፊት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ አብሮ ሲያወርዱም ይደርሳል።

«አስራ ስምንት?» አለች ማህደር ቀስ ብላ። «ከሃያ አራቱ?»

«ከሃያ አራቱ።»

«ደብተሩ ውስጥ ያለው እሱ ነበር?»

«እሱ ነበር።»

ተነሥታ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «የኔ ቃል አይታረምም። የሚሽረው የመዝጋቢው የማለዳ ቃል ብቻ ነው፤ ቀፎው ላይ ጆሮ የሚለጥፈው እሱ ስለሆነ። ስንት ሰዓት ነው?»

አስራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሰባት ደቂቃ ነበር። ወንድይፍራው ማለዳ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዙሩን ዞሮ፣ ጽፎ፣ ደብተሩን በጋቢው ሥር ይዞ ነው የመጣው፤ ሳይጽፍ ቤቱን ለቆ አያውቅም። አሁን ሁሉም እሱን ያያሉ። አፉን በእጁ ነካ አደረገው፤ ሊያምነው አልቻለም።

«ምን ልበል?» አለ። «ደህና ነው የሚወጣኝ። አውቀዋለሁ፣ ደህና ነው የሚወጣኝ።»

«አትመልስ» አለች እታለማሁ። «ማን መልስ አለህ? አንብብ።»

«ንቦቹ እንዴት አደሩ?» አለች ጠያቂዋ።

ወንድይፍራው ደብተሩን ገለጠ። ልጅ ሳለ ዳዊት እንደደገመው በዜማ ሊል ምንም አልቀረውም።

«ቁጥር አንድ አላደረም» ብሎ አነበበ።

ጠያቂዋ ወዲያው አልዘጋችም። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት አደሩ ስትል ከርማ አላደረም የሚል መልስ ሰምታ አታውቅም። ከዚያ «ቁጥር አንድ፣ አላደረም። ተመዝግቧል» አለች።

«ቁጥር ሁለት አላደረም። ቁጥር ሦስት አድሯል። ቁጥር አራት...» እዚህ ላይ የሁለት እፍኙ ክብደት እጁ ላይ መጣበት። «ቁጥር አራት አላደረም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ኅዳር አስራ ዘጠኝ።»

ሃያ አራቱንም አነበበ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ሰሙ፤ አንደኛው በየአላደረሙ ራሱን ይነቀንቃል። ሲያበቃ ጠያቂዋ «የሞቱ፣ አስራ ስምንት። ያደሩ፣ ስድስት። መኪናው ቆሟል» አለች። መልካም ቀን አላለችም።

ወንድይፍራው ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እታለማሁ አጠገቡ ቁጭ አለች። «ለንቦቹ ነው ለሰሌዳህ?» አለችው።

«ለሁለቱም» አለ፤ ይህ በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ራሱ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ እውነት ነበር።

ሁለት መቶዎቹ ወደ ቀጭን ውሃ ወረዱ። የተክለወልድ መዝገብ ሲገለጥ፣ በየቀኑ ከሚያማርርባቸው ሠላሳ ኅብረ ንቦች የሞቱት አራት ብቻ ሆነው ተገኙ። ተክለወልድ መኪናውን ሲቀበል እንኳን ደህና መጣችሁ ማለቱን የሰማ የለም። ሰሌዳው ወርዶ፣ እታለማሁ ለባቄላ ድስቷ መክደኛ አደረገችው፤ ልኩ ነው። ወንድይፍራውን ግን አላባረሩትም። ደብተሩን በዝርዝር እያነበበ እንዲያስገባ ታዘዘ፤ የትኛው ብርድ፣ የትኛው እርጥበት፣ የትኛው ረኃብ እንደገደላቸው የጻፈ ሌላ ሰው ከደጋ ጣቢያዎች ሁሉ አልተገኘም። አርባ አንድ ጣቢያዎች አሉ። ከጉም አፋፍና ከቀጭን ውሃ በቀር ሠላሳ ዘጠኙም በመዝገቡ ደህና ናቸው።

ማህደር ጆሮዋን ለመለጠፍ በየጣቢያው መዞር ጀመረች። ከየደረሰችበት ደውላ ያየችውን ትነግረዋለች፣ እሱም ይጽፍላታል። ሰባት ጣቢያ ዞረች። ከስምንተኛው አልደወለችም፤ አራት ቀን ጠፋች።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ፣ ወንድይፍራው ከዙሩ ሲመለስ ስልኩ ጠራ።

«አቶ ወንድይፍራው» አለች፤ ድምጿ ሰልሏል።

«ማህደር! ምነው ጠፋሽ? እንዴት ነሽ?»

«ደህና፣ ይመስ...» አለችና አቋረጠች።

«እናትሽስ?» አለ። «እንዴት አደሩ?»

ለረጅም ጊዜ ትንፋሿ ብቻ ይሰማው ነበር። ወንድይፍራው ቶሎ የማይዘጋ ጆሮ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃልና ጠበቃት።

«አላደረችም» አለች ማህደር።

ስልኩን ይዞ ስታለቅስ ሰማት። በኋላ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለበሰና እታለማሁን ሊጠራ ወጣ፤ የከተማው አውቶቡስ በሁለት ሰዓት ነው። አንገቱ ላይ ጠያቂዋ ንቦቹ እንዴት አደሩ ትለዋለች። ስድስቱም አድረው ነበር፤ በዚያች ማለዳ ግን አልመለሰላትም።